መኖ ውስጥ ያለን የሻጋታ መርዝ በባክቴሪያ ማፍረስ፦ ዶሮ አርቢዎች ደጋግመው የሚጠይቁት

ባክቴሪያ የሻጋታ መርዝን ያፈርሳል የሚባለው እውነት ነው ወይ፣ ለኔ ዶሮስ ይሰራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በጣም በዝቷል። መልሱ «አዎ፣ ግን» ነው። ገንዘቡም ዶሮውም የሚጠፋው «ግን» የምትለዋን ሳይሰሙ ሲገዙ ስለሆነ እሷን ትንሽ ረዘም አርገን እናያታለን።

የሻጋታ መርዝ ማለት ሻጋታው ራሱ ነው?

አይደለም፣ ይሄን ካልለየን የቀረው ሁሉ ይምታታል። ሻጋታው ህይወት ያለው ነገር ነው፣ መርዙ ደግሞ ሻጋታው አምርቶ እህሉ ውስጥ የሚተወው ኬሚካል ነው፣ ሻጋታው ቢሞትም ቢደርቅም ቢራገፍም መርዙ እዛው አለ። ማይኮቶክሲን የሚባሉት እነዚህ ናቸው፣ ብዙ ዓይነት አላቸው፣ ዶሮ አርቢን በዋናነት የሚያሳስቡት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። አስፐርጂለስ የሚባለው ሻጋታ አፍላቶክሲንን ያመርታል፣ ከአፍላቶክሲኖች ደግሞ ክፉው ቢ1 የሚባለው ነው። ኦክራቶክሲን ኤ ከአስፐርጂለስም ከፔኒሲሊየምም ይመጣል። ፉዛሪየም የሚባሉት ሻጋታዎች ደግሞ ገና ማሳ ላይ እያለ ዶን (ሙሉ ስሙ ዲኦክሲኒቫሌኖል)፣ ፉሞኒሲን፣ ዜራሌኖንና ቲ-2 የሚባሉትን ያመርታሉ።

ነገሩ የታወቀውም በዶሮ ዘመዶች ሞት ነው። በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪዎች ምክንያቱ ሳይታወቅ አለቁ፣ በሽታው ስም ስላልነበረው የተርኪ ኤክስ በሽታ ተባለ፣ የዳክዬ ጫጩቶችም አብረው ሞቱ። ተፈልጎ ተፈልጎ የተገኘው ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ውስጥ የነበረ አፍላቶክሲን ነው። ዛሬም ተርኪና የዳክዬ ጫጩት ከዶሮ በጣም የባሰ ይጎዳሉ፣ ስለዚህ «የጎረቤቴ ዶሮዎች በልተውት ምንም አልሆኑም» የሚለው ለዳክዬ አርቢ ዋስትና አይሆንም።

መኖዬ አይሸትም፣ ሻጋታም አይታይበትም፣ ታዲያ ልተኛ?

አትተኙ። መርዙ ቀለምም ሽታም አይሰጥም። በመኖ ውስጥ ያለ አፍላቶክሲን የሚለካው በቢሊዮን ስንት እጅ ተብሎ ነው፣ ብዙ ቦታ እንደ ጣሪያ የሚያዘው 20 ማይክሮግራም በኪሎ ነው፣ ይሄ ማለት አንድ ቶን መኖ ውስጥ 20 ሚሊግራም ብቻ ማለት ነው፣ ዓይን ይሄን አያይም። በሌላ በኩል አረንጓዴ ሻጋታ የለበሰ በቆሎ ሁሉ የግድ መርዝ አለበት ማለትም አይደለም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሻጋታ መርዝ አያመርትም። ቢሆንም ሻጋታ ያለበትን አለመስጠት ይሻላል፣ መርዝ ባይኖረውም እንኳ ሻጋታው የእህሉን ጉልበት በልቶታል።

ፔሌት ማሽኑ ያበስለው የለ? አሲድስ እንጨምርበታለን እኮ?

የፔሌት ማሽን ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ75 እስከ 90 ዲግሪ ነው። አፍላቶክሲን በደረቁ እንዲፈርስ ከ200 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ እዛ ከመድረሱ በፊት መኖው ራሱ ያርራል። ሙቀቱ ሻጋታውን ይገድላል፣ መርዙን አይነካውም ማለት ይቻላል።

አሲዱም (ፕሮፒዮኒክ አሲድና መሰሎቹ) እንደዛው ነው። ሻጋታ እንዳይበቅል ይከላከላል፣ ለዛ ስራው ጎበዝ ነው፣ እኔም አጥብቄ እመክረዋለሁ፣ ግን ቀድሞ የተመረተ መርዝ ላይ ምንም አያደርግም። ባክቴሪያና ኢንዛይም (ሌላ ሞሌኪዩልን የሚቆርጥ ወይ የሚቀይር ፕሮቲን) የሚፈለጉትም እዚህ ጋ ነው፣ መርዙ አንዴ ገብቷል፣ አሁን ምን እናርገው ለሚለው።

ዶሮዎቼ መመረዛቸውን በምን አውቃለሁ?

ችግሩ ብዙ ጊዜ ጮክ ብሎ አይመጣም። መኖ ይቀንሳሉ፣ ክብደታቸው እኩል መሆኑ ይቀራል፣ እንቁላል ይወርዳል ወይ ያንሳል፣ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ስጋ ይገረጣል፣ በትንሽ ግጭት ቆዳቸው ስር ደም ይቋጥራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አፍላቶክሲን በሽታ የመከላከል አቅምን ስለሚያወርድ ክትባት በደምብ ሰጥታችሁ ሳይይዝ ይቀራል፣ ከዛ ሰው ክትባቱን ይረግማል።

የሞተች ዶሮ ሐኪሙ ሲከፍት አብራችሁ እዩ። ጤነኛ ጉበት ደማቅ ቡኒ ቀይ ነው፣ ጠርዙ ስስ ነው፣ በጣት ሲነካ ይለጠጣል። አፍላቶክሲን የነካው ግን ብዙ ጊዜ ያበጠ፣ ወደ ቢጫ የገረጣ፣ ጠርዙ የወፈረ ነው፣ ጫን ሲሉት ይፈረፈራል፣ ሲቆረጥ ቢላው ላይ ቅባት ይተዋል። ኦክራቶክሲን ከሆነ ዋናው ጉዳት ኩላሊት ላይ ነው፣ ያብጣል ይገረጣል። ቲ-2 ደግሞ አፍ ውስጥ ይታያል፣ ምንቃሩን ስትከፍቱት ምላሱ ጫፍና ላንቃው ላይ ነጣ ያለ ቁስልና ቅርፊት ታገኛላችሁ፣ ላባቸውም ተንጨባርሮ ይወጣል። ግን አደራ፣ እነዚህ ምልክቶች ጠቋሚ እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም፣ ቢጫ ጉበት ጉልበት ከበዛበት መኖም ይመጣል፣ እና ማረጋገጫው የመኖ ምርመራ ነው።

ባይንደር ከሚባለው ጋር ልዩነቱ ምንድነው?

ባይንደር መርዙን ይይዛል፣ አያጠፋም። ቤንቶናይት የመሰለ የሸክላ ዓይነት አንጀት ውስጥ አፍላቶክሲንን በሽፋኖቹ መሀል ይይዝና ከኩስ ጋር ይወጣል። ለአፍላቶክሲን በጣም አሪፍ ነው፣ የሞሌኪዩሉ ጠፍጣፋ ቅርፅ ለሸክላው ይመቻል። ለዶን ግን ሸክላ እዚህ ግባ የሚባል ስራ አይሰራም፣ ለቲ-2ም እንደዛው። ብዙ ሰው «ባይንደር አርጌያለሁ» ብሎ የሚረጋጋው ሁሉም መርዝ አንድ ስለሚመስለው ነው። ሸክላ በዝቶ ከገባ አንዳንድ መድኃኒትንም ይይዛል፣ ማክሮላይድ የሚባሉት አንቲባዮቲኮችና አንዳንድ የኮክሲዲያ መድኃኒቶች ላይ ጥንቃቄ የሚደረገው ለዛ ነው።

ባክቴሪያ (ወይ ከባክቴሪያ የወጣ ኢንዛይም) ሞሌኪዩሉን ራሱን ቆርጦ ሌላ ነገር ያደርገዋል። ስለዚህ በአንድ አነጋገር ባይንደሩ መርዙን አስሮ ሸኘው፣ ባክቴሪያው ደግሞ መሳሪያውን አስፈታው ማለት ነው። ሁለቱ ጠላት አይደሉም፣ ለአፍላቶክሲን ሸክላ ለፉዛሪየም መርዞች ኢንዛይምና ባክቴሪያ አርገው አንድ ላይ የሚያቀርቡም አሉ፣ እኔ በግሌ ይሄ አካሄድ የበለጠ ያሳምነኛል።

ባክቴሪያው በትክክል ምንድነው የሚያደርገው?

እያንዳንዱ መርዝ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ቦታ አለ፣ ስራው እሱን ቦታ መምታት ነው።

አፍላቶክሲን ቢ1ን እንውሰድ። አንድ ጫፉ ላይ ላክቶን የሚባል ቀለበት አለ፣ ሌላው ጫፉ ላይ ደግሞ ሁለት የፉራን ቀለበቶች አሉ። የፉራኑ በኩል ያለው ድርብ ትስስር ጉበት ውስጥ ሲገባ የጉበት ኢንዛይሞች ኢፖክሳይድ ወደሚባል በጣም ተናካሽ ቅርፅ ይቀይሩታል፣ እሱ ነው ሄዶ ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቀው፣ በሰው ላይም የጉበት ካንሰር የሚያመጣው። ባክቴሪያዎቹ ብዙ ጊዜ የሚመቱት የላክቶኑን ቀለበት ነው፣ እሱ ሲከፈት የመርዝነት ኃይሉ በጣም ይቀንሳል።

ዶን ላይ ክፉው ነገር 12ኛውና 13ኛው ካርቦን ላይ ያለችው ኢፖክሳይድ ናት። ከዛች ላይ ኦክስጅኗ ስትነሳ ዶም-1 የሚባል ነገር ይሆናል፣ ከዶን በብዙ እጥፍ የደከመ። ኦክራቶክሲን መሀሉ ላይ ሲቆረጥ ወደ ኦክራቶክሲን አልፋና ፌኒልአላኒን ይለያያል፣ ፌኒልአላኒን እኮ ተራ አሚኖ አሲድ ነው፣ ዶሮዋ ትመገበዋለች። ፉሞኒሲን ደግሞ ሁለት የጎን ክንፎች አሉት፣ ኢስቴሬዝ የሚባል ኢንዛይም እነሱን ይቆርጣቸዋል።

ግን ልብ በሉ፣ «ተቀየረ» ማለት «ዳነ» ማለት አይደለም። ዜራሌኖን እንደ ሴት ሆርሞን የሚሰራ መርዝ ነው፣ አንዳንድ ማይክሮቦች ወደ አልፋ-ዜራሌኖል ይቀይሩታል፣ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ሆርሞናዊ ኃይል አለው። በላብራቶሪ መለኪያ «ዜራሌኖን በ90 ፐርሰንት ቀነሰ» ተብሎ ሊፃፍ ይችላል፣ ውስጡ ግን ነገር ብሶ ሊሆን ይችላል። አፍላቶክሲንም ወደ አፍላቶክሲኮል ሲቀየር ተመልሶ አፍላቶክሲን መሆን ይችላል። ስለዚህ ሁሌም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ያህል ጠፋ» ሳይሆን «ወደ ምን ተቀየረ» ነው።

እስካሁን የታወቁት የትኞቹ ናቸው?

ታሪኩ ረጅም ነው። በ1966 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ወደ 1,000 የሚሆኑ ማይክሮቦችን ፈትነው አፍላቶክሲንን ከፈሳሽ ውስጥ በደምብ ያስወገደ አንድ ባክቴሪያ አገኙ፣ ያኔ ፍላቮባክቴሪየም አውራንቲያከም ተባለ፣ አሁን ኖካርዲያ ኮሪኔባክቴሮይደስ ይባላል። ቀለም አለው፣ መኖ ላይ ሲጠቀሙት ቀለሙ ያስቸግራል፣ እና በቀጥታ ወደ ገበያ አልሄደም፣ ግን ነገሩ እንደሚቻል ያሳየው እሱ ነው።

እኔ በጣም የምወደው በ2008 ካናዳ ውስጥ የተሰራው ነው። አፍላቶክሲን ውድም አደገኛም ስለሆነ ማይክሮብ ለመፈለግ በብዛት መጠቀም ይከብዳል፣ እነሱ ግን አፍላቶክሲን ውስጥ ያለው ዋና መዋቅር ኩማሪን ከሚባል የዕፅዋት ኬሚካል ጋር አንድ መሆኑን አይተው ኩማሪንን ብቻ ምግብ አርገው አቀረቡ፣ ኩማሪን በልቶ መኖር የቻለ አፍላቶክሲንንም ሊያፈርስ ይችላል ብለው። ከእንስሳት ኩስ፣ ከአፈር፣ ከእህል ናሙና ሰብስበው ሲፈትኑ ጎበዝ ሆኖ የተገኘው ታፒር ከሚባል እንስሳ ኩስ የወጣ ስቴኖትሮፎሞናስ ማልቶፊሊያ ነው፣ በ72 ሰዓት 82.5 ፐርሰንቱን አጠፋ። ይሄ ባክቴሪያ በኋላ ስለ ደህንነት ስናወራ ተመልሶ ይመጣል።

ለዶሮ መኖ ቅርብ የሆኑት ባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ቻይና ውስጥ ከዓሳ አንጀት የወጣ ባሲለስ ሰብቲሊስ፣ ኤኤንኤስቢ 060 የሚባለው፣ ሻጋታ የነካው የለውዝ ፋጉሎ በተሰጣቸው ብሮይለሮች፣ እንቁላል ጣዮችና ዳክዬዎች ላይ ተሞክሯል፣ በጉበት ጉዳትና በእድገት ላይ ጥሩ ውጤት ታይቶበታል።

በዶን በኩል በሰፊው የሚታወቀው ከላም ጨጓራ ፈሳሽ የተገኘው ቢቢኤስኤች 797 የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ አየር በሌለበት ብቻ የሚኖር። የአውሮፓ ህብረት ዲኤስኤም 11798 በሚል ቁጥር መጀመሪያ በ2013 ለአሳማ፣ ከዛ በ2017 ለዶሮና ለሌሎች አዕዋፍ ፈቅዶለታል። ለፉሞኒሲን ደግሞ ስፊንጎፒክሲስ ከሚባል ባክቴሪያ ጂኑ ተወስዶ እርሾ ውስጥ የሚመረተው ኢስቴሬዝ አለ፣ እሱም በ2014 ለአሳማ በ2017 ለአዕዋፍ ተፈቅዷል። ይሄኛው ህይወት ያለው ባክቴሪያ አይደለም፣ ኢንዛይሙ ብቻ ነው፣ እና ብዙ ሰው የዘርፉ መጪ ጊዜ እዛ ነው ይላል፣ እኔም እስማማለሁ፣ ኢንዛይም አይራባም፣ አይሞትም፣ አንቲባዮቲክም አያሳስበውም።

ላብራቶሪ ውስጥ 80 እና 90 ፐርሰንት ያጠፋል ይላሉ፣ ዶሮዬ ሆድ ውስጥስ?

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ። በብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያው 24፣ 48፣ 72 ሰዓት ተሰጥቶታል፣ የሚመቸው ምግብ፣ የሚመቸው ሙቀት፣ ተፎካካሪ የለ። ዶሮ ውስጥ መኖ ከአፍ ገብቶ እስኪወጣ የሚፈጀው ጥቂት ሰዓታት ነው። ያም ብቻ አይደለም፣ አፍላቶክሲን በአብዛኛው የሚመጠጠው ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው፣ ማለትም ባክቴሪያው መርዙን መቅደም ካለበት አንገቷ ስር ባለው መኖ ማጠራቀሚያ ከረጢትና በጨጓራዋ አካባቢ ነው ስራውን መጀመር ያለበት። ባሲለስ በስፖር መልክ (ጠንካራ ሽፋን ለብሶ እንደ ዘር) ተኝቶ ነው የሚገባው፣ መንቃት አለበት፣ ለመንቃት ጊዜ ይፈልጋል። ከዛ አሲድ አለ፣ መኖ የሚፈጨው ጡንቻማው ጨጓራ ውስጥ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ2 እስከ 4 አካባቢ ነው። የዶሮ የሰውነት ሙቀትም ወደ 41 ዲግሪ ነው፣ በ30 ዲግሪ ጎበዝ የነበረ ኢንዛይም እዛ ሊሰንፍ ይችላል።

ደስ የሚል ነገር፣ የዶሮ የታችኛው አንጀት ውስጥ ያሉ የራሷ ማይክሮቦች ዶንን ወደ ዶም-1 መቀየር የሚችሉ አሉ፣ ከዶሮ አንጀት የወጡ ዶን አፍራሽ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። ችግሩ ቦታው ነው፣ እዛ ሲደርስ መርዙ የሚመጠጠውን ያህል ተመጥጧል። ስለዚህ ምርት ስትመርጡ በዶሮ ላይ የተሞከረ መሆኑን እዩ፣ በዶሮ ላይ ሲባልም ክብደት ጨመረች ብቻ ሳይሆን በደሟ፣ በጉበቷ ወይ በኩሷ ውስጥ ያለው መርዝና የተሰበረው ቅሪት ተለክቶ። ክብደት በብዙ ምክንያት ይጨምራል፣ ማንኛውም ጥሩ ፕሮባዮቲክ (ለአንጀት ጤና የሚሰጥ ባክቴሪያ) ሊያሳድጋት ይችላል፣ ያ መርዝ ፈርሷል ማለት አይደለም።

ላክቶባሲለስ ያለበት ፕሮባዮቲክ እሰጣለሁ፣ እሱ አይበቃም?

ላክቶባሲለስ በአብዛኛው መርዙን በሴል ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል እንጂ አያፈርሰውም። የሞተ ሴሉ እንኳ ይለጥፋል፣ ይሄ ራሱ ማሰሪያ እንጂ ማፍረሻ እንዳልሆነ ያሳያል። መለጠፉ ደግሞ ላልቶ ሊለቅ ይችላል። ለአንጀት ጤና ስጡ፣ ጥሩ ነው፣ ግን በሱ ተማምናችሁ አጠራጣሪ መኖ አትስጡ።

ባክቴሪያው ራሱ ችግር አያመጣም?

ሁሉም አይደለም ለመኖ የሚሆነው። ቅድም ያነሳነው ስቴኖትሮፎሞናስ ማልቶፊሊያ አቅማቸው የደከመ ሰዎችን ሆስፒታል ውስጥ የሚያጠቃ፣ ብዙ አንቲባዮቲክ የማይነካው ባክቴሪያ ነው፣ እና መርዝ ስላፈረሰ ብቻ በህይወቱ ዶሮ መኖ ውስጥ ማስገባት አይታሰብም፣ የሚሻለው ኢንዛይሙን ለይቶ መውሰድ ነው። ለመኖ የሚቀርብ ዝርያ ቢያንስ በስሙና በዝርያ ቁጥሩ የታወቀ፣ የአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂን ወደ ሌላ ባክቴሪያ የማያሻግር፣ መርዝ የማያመርት መሆን አለበት። ከባሲለሶች ውስጥም እንደ ባሲለስ ሴሬየስ ያሉ የሰው ሆድ የሚያስቸግሩ አሉ። «ባሲለስ አለው» ብቻ የሚል ፓኬት አልገዛም፣ የትኛው ባሲለስ? ቁጥሩ ስንት?

ከሜዳ አፈር ወይ ከሌላ እንስሳ ፈርስ አውጥቶ «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ የሚሞክር ሰውም አይጠፋም። በጭራሽ አታርጉት። ሳልሞኔላም ተፈጥሯዊ ነው።

አንቲባዮቲክ እየሰጠሁ፣ ውሃውም ክሎሪን እያለበት ይሰራል?

በመኖ ውስጥ ያለ ስፖር ላይ የውሃው ክሎሪን ያን ያህል ችግር አይደለም፣ ባክቴሪያውን በውሃ የምትሰጡ ከሆነ ግን ክሎሪኑ ህይወት ያላቸውን ሴሎች ይገድላቸዋል። አንቲባዮቲክ እንደ ዓይነቱ ነው፣ ባሲለስ ለብዙዎቹ ተጋላጭ ነው፣ ተጋላጭ መሆኑም ለደህንነት ጥሩ ነገር ነው፣ ስለዚህ ህክምና ላይ ባሉበት ቀናት ከባክቴሪያው ብዙ አትጠብቁ።

ፔሌት የምትሰሩ ከሆነ ስፖር የሚሰራ ባሲለስ ሙቀቱን ይቋቋማል፣ ላክቶባሲለስና ብዙዎቹ ሌሎች አይቋቋሙም። ኢንዛይም ከሆነ የተሸፈነ መሆኑን ጠይቁ፣ ወይ ከፔሌት በኋላ የሚረጭ።

ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ጊዜ ከሌለ ለምን መኖውን ቀድመን አናብላላውም?

በጣም ትክክለኛ ሀሳብ ነው፣ በፋብሪካ ደረጃ ፋጉሎና የመሳሰለውን በባሲለስ አብላልቶ አፍላቶክሲኑን መቀነስ በደምብ እየተሰራበት ነው፣ ባክቴሪያው ሰዓት ሳይሆን ቀናት ያገኛል። እርሻ ላይ ለመስራት ግን ትልቅ ጠላት አለው፣ እርጥበት። መኖ አርጥባችሁ ስታስቀምጡ የምታስገቡት ባክቴሪያ ካላሸነፈ የሚያሸንፈው ሻጋታ ነው፣ መርዝ ልቀንስ ብላችሁ መርዝ ታመርታላችሁ። ፒኤች፣ ሙቀት፣ አየር የሚለካበት መሳሪያ፣ በኋላም ማድረቂያ ከሌለ፣ ከዛም ውጤቱን በምርመራ ማየት ካልተቻለ ባይሞከር ይሻላል።

ምርመራው ላይ ንፁህ አለኝ፣ ዶሮዎቹ ግን ታመሙ፣ እንዴት?

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ናሙናው ላይ ነው። መርዝ መኖ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፣ አንድ ጆንያ ውስጥ ሁለት ሶስት የተበከሉ ፍሬዎች ብቻ ሙሉውን ሊበክሉት ይችላሉ፣ እና ከላይ አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ብትልኩ ያ እፍኝ ንፁህ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው። ጭነቱ ሲራገፍ ከላይ፣ ከመሀል፣ ከታች፣ ከጥግ ጥቂት ጥቂት እየተወሰደ ብዙ ኪሎ ይጠራቀማል፣ ሙሉው ይፈጫል፣ በደምብ ይቀላቀላል፣ ከዛ ነው ትንሹ ናሙና የሚወጣው። ሳይፈጭ መክፈል ዋጋ የለውም።

ሌላው የመረመራችሁት አንዱን መርዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስትሪፕና ኤላይዛ የሚባሉት ፈጣን የምርመራ ዘዴዎች ለአንድ አንድ መርዝ ነው የሚሰሩት፣ አፍላቶክሲን ንፁህ ቢሆን ዶንና ቲ-2 ሊኖሩ ይችላሉ፣ ሲደመሩም አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ዶሮ ዶንና ፉሞኒሲንን ከአሳማ በተሻለ ትቋቋማለች፣ የአውሮፓ የምክር ጣሪያ ለዶሮ መኖ ዶን 5 ሚሊግራም በኪሎ፣ ፉሞኒሲን 20 ሚሊግራም በኪሎ ነው፣ ሆኖም ከዛ በታችም ቢሆን የአንጀት ግድግዳ ይሳሳና አንጀት ለሚያቆስለው ክሎስትሪዲየም ለሚባል ባክቴሪያ በር ይከፈታል፣ ሰው ታዲያ አንጀቱን ሲያክም ይከርማል።

ሶስተኛው መኖው ተመርምሮ ከገባ በኋላ እናንተ ጋ መሻገቱ ነው። መኖ የሚያስተላልፈው ቱቦ ጥግ ላይ፣ የጎተራው ግድግዳ ላይ፣ መመገቢያው ስር የተጋገረውን መኖ በዱላ አራግፉትና እዩት፣ ውስጡ ሙቅ ነው፣ አረንጓዴና ግራጫ ነው፣ ሽታው ይከነክናል። አዲስ መኖ በየቀኑ በዛ ላይ እያለፈ ነው።

ሻጩን ምን ልጠይቀው?

ዝርያው በቁጥር ማን ነው፣ የትኛውን መርዝ ነው የሚያፈርሰው (ሁሉንም ካለ ጥርጣሬያችሁን ጨምሩ)፣ ወደ ምን ይቀይረዋል፣ በዶሮ ላይ በየትኛው መጠን ተሞከረ፣ አንድ ኪሎ መኖ ውስጥ ስንት ህያው ሴል ይገባል፣ ከተመረተ ስንት ወሩ ነው፣ በምን ሙቀት ይቀመጣል። ለምሳሌ ለዲኤስኤም 11798 አውሮፓ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን በኪሎ መኖ 170 ሚሊዮን ህያው ሴል ነው፣ ቁጥር እንዲህ ነው የሚሰጠው። መልስ ያለው ሻጭ በጥያቄ አይናደድም።

የተበከለውን ከንፁህ ቀላቅዬ ከባክቴሪያ ጋር ልጨርሰውስ?

ፈተናው ይገባኛል፣ መኖ ውድ ነው። ግን ይሄ ነገር የአውሮፓ ህብረት ውስጥ በህግ የተከለከለ ነው፣ ሌላም ቦታ ደንቡን ሳይጠይቁ አይሞከርም፣ ምክንያቱም መርዙ እኩል ስለማይሰራጭ «ቀላቀልኩት» ያላችሁት መኖ ውስጥ የተከማቸበት ቦታ ይቀራል። ጫጩቶች፣ ለመራቢያ የሚያዙ ዶሮዎች፣ ተርኪና ዳክዬ ደግሞ በምንም መንገድ አይሰጣቸውም። ባክቴሪያውም ሆነ ባይንደሩ ሳይታወቅ ለሚያልፍ ለመጠነኛ መርዝ መጠባበቂያ ነው፣ የታወቀ ብክለትን ወደ መኖ መመለሻ ፈቃድ አይደለም። በቆሎ ከ13 ፐርሰንት እርጥበት በታች ደርቆ ከመሬትና ከግድግዳ ተለይቶ ከተቀመጠ፣ የተሰበረውና የተበላው ፍሬ ከተበጠረ፣ የባክቴሪያው ስራ ግማሹ ያለ ባክቴሪያ አልቋል።

እንቁላሉና ስጋውስ ይበላል?

ከመኖ ወደ እንቁላልና ወደ ጡንቻ ስጋ የሚያልፈው አፍላቶክሲን ጥቂት ነው፣ ላም ላይ ወደ ወተት ከሚያልፈው ጋር አይወዳደርም። የበለጠ የሚገኘው ጉበት ውስጥ ነው፣ ኦክራቶክሲን ደግሞ ኩላሊትና ጉበት ውስጥ። መመረዝ ከተረጋገጠ የነዚህን ዶሮዎች ጉበት አትብሉ አትሽጡም፣ ስለ እንቁላሉና ስለ ስጋው ሐኪሙ በተገኘው መጠን ይወስን።

ዶሮዎቼ አሁን ታመዋል፣ ባክቴሪያውን አሁን ብጀምር ያድናቸዋል?

ሰውነታቸው ውስጥ የገባውን መርዝ አንጀት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሄዶ አያወጣውም። መጀመሪያ መኖውን ዛሬውኑ ቀይሩ፣ የድሮውን ከቱቦና ከመመገቢያ ሙልጭ አርጋችሁ አውጡ፣ ግን ከመጣላችሁ በፊት ለምርመራ የሚሆን በደረቅ የወረቀት ከረጢት አስቀምጡ፣ በፕላስቲክ ከታሸገ እርጥበት ይዞ ይሻግታልና ምርመራውን ያበላሸዋል። ሐኪሙ ጥሩ ፕሮቲን፣ ሜታዮኒን፣ ቫይታሚን ኢና ሴሊኒየም ሊጨምር ይችላል፣ ጉበት መርዙን ለማስወጣት የሚጠቀምበት ግሉታታዮን ከነዚህ ጋር ስለሚያያዝ። በነዚያ ሳምንታት የተሰጠ ክትባት ሳይይዝ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ይደገም አይደገም የሚለውንም ጠይቁት። ባክቴሪያውን ወይ ኢንዛይሙን የምትጀምሩት ከአዲሱ መኖ ጋር ነው፣ ለሚቀጥለው ጭነት።